ውሻም ካርድ አለው

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሻ ነከሰው። የመንገድ ውሻ እንዳይመስላችሁ። ባለቤት ያለው፣ ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ የግቢ ውሻ ነው፤ ያን ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ኖሮ ወጣ። ባለቤቱን "ጋሼ፣ ተከትቧል?" ስላቸው "ጤነኛ ነው ባክህ፣ ሲበላ አታየውም?" አሉኝ። በቃ፣ ካርድ የለም፤ ተከትቦም አያውቅም።

እናቱ ደንግጣ ቡና ልትነሰንስበት ስትል ያዝኳትና ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብነው። (15 ደቂቃ አጭር እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ጀሪካን ጨርሰናል!) ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። አሁን ልጁ በቀጠሮ እየተመላለሰ ይወጋል፤ ውሻው ደግሞ ለ10 ቀን ታስሮ እየታየ ነው። ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው።

"ሲበላ አታየውም" የሚለው ነገር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ውሻው የእብደት ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የተነከሰው ሰው ጋ ደግሞ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ክትባቱ የሚደርስልን በዚህ መሀል ነው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር ክትባቱን የሰጠውም በውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ "ፓስተር" እያላችሁ ታክሲ የምትሳፈሩበት ሰፈር ስሙን ያገኘው በእሱ ስም ከተጠራው ተቋም ነው።

የእኔ ቡቺ የመጀመሪያውን ክትባት በሦስት ወሩ ወሰደ፤ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ካርዱን ከተማሪዎች ሮስተር ጋር ነው የማስቀምጠው፣ ሰው ቢስቅብኝም። የትል መድኃኒትም ይወስዳል። በነገራችን ላይ በበዓል በግ ስታርዱ ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን ለውሻ አትወርውሩ፤ ወይ ቀቅሉት ወይ ቅበሩት። ከዚያ የሚይዘው ትል እንቁላሉ በአይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅም በአትክልትም ወደ ሰው ይገባና ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ልጆች ውሻ አሻሽተው ሳይታጠቡ እንጀራ ሲቆርሱ ሳይ የምቆጣው ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ቡቺን ይዤ የእንስሳት ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ የዓመቱ ቀጠሮው ደርሷል። ጋሼም 10ኛው ቀን በሰላም ካለፈ ውሻቸውን ይዘው አብረውኝ ሊመጡ እሺ ብለዋል። የሰፈር ልጆች፣ ጠንከር ያለ ገመድ ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።