አንቀልባው፣ ጋሪውና ወንበሩ

እናቴ የአሶሳን ምድር የረገጠችው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ክፉ ዘመን ከወሎ ተነሥታ ስትመጣ «ሰፋሪ» ከሚል አዲስ ስም በቀር ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበራትም። ንብረት ከተባለ በጀርባዋ ላይ አንድ አንቀልባ ነበረ። በአንቀልባው ውስጥ ደግሞ ታላቅ እህቴ። ያ ሁሉ መንገድ እስኪያልቅ ልጅቷ ከጀርባዋ የወረደችው ጡት ለመጥባትና ለመጸዳዳት ብቻ እንደ ነበር እናቴ ዛሬም ትምላለች። እኔ የተወለድኩት ከዓመታት በኋላ፣ «አምባ» እየተባሉ በቁጥር ከሚጠሩት የአሶሳ የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ያደግሁትም በዚያው አንቀልባ ታዝዬ ነው።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ቤታችን ውስጥ የተነሣው ክርክር የጀመረው ከዚሁ አንቀልባ ነውና።

ያች በአንቀልባ የመጣችው እህቴ ዛሬ ኑሮዋ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው። የእህት ወግ ነውና ለልጄ ሁለት ትልልቅ ካርቶን በሰው እጅ ላከች። አንደኛው ውስጥ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ የሕፃን ጋሪ አለ። በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ መኪና ላይ የሚታሰር የሕፃን መቀመጫ። ስልክ ደውላ «ጋሪውን እንዳሻህ አድርገው፤ ወንበሩን ግን ዛሬውኑ እሰር» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። የኛ «እሺ» ስንት ዓይነት ትርጉም እንዳለው አንባቢዬ ያውቀዋል።

እናቴ ሁለቱንም ዕቃዎች ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና ፍርዷን ሰጠች።

«ልጅን በጋሪ? እህል ናት እንዴ? ወንበሩስ ምን ሊያደርግላችሁ ነው? ክንድ ጠፋ?»

ባለቤቴ የምትሠራው መንጌ፣ በጤና ሥራ ላይ ነው። እኔ ደግሞ አሶሳ። በሳምንቱ መጨረሻ በአሮጊቷ ቶዮታዬ ወደ መንጌ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴም ሁላችንም ተሰብስበን ወደ አሶሳ እንመጣለን። መንጌ የበርታ ሕዝብ አገር ናት። ቀይ አፈር፣ ቀርከሃና ማንጎ የሞላባት፣ ሴቶቿ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ አጥበው የሚያወጡባት አገር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ በወጣትነት ሞኝነት (ወጣት ባልሆንም) ልጄን ከነጋሪዋ ይዤ ወደ ገበያው ወጣሁ።

ሃምሳ ርምጃ አልሄድኩም። የፊቱ ትንንሽ ጎማዎች ጠጠሩ መሐል እየተቀረቀሩ ጋሪው አፍጢሙ ሊደፋ ይላል። የሰፈሩ ልጆች ከኋላ ይከተሉኛል። በዚህ መሐል አንዲት ጎረቤታችን መጡ። በአካባቢው ሴቶች ልማድ ትከሻቸው ላይ ዘንግ አሳርፈው፣ በዘንጉ ሁለት ጫፍ ሸክም አንጠልጥለዋል። ጀርባቸው ላይ ደግሞ የልጅ ልጃቸው በጨርቅ ታዝሎ ተኝቷል። ይህን ሁሉ ተሸክመው እንደ ቀስት ቀጥ ብለው ነው የሚራመዱት። ጋሪውን ሲያዩ ቆሙና ከእኔ ይልቅ ባለቤቴን፣ በከንፈር መጠጣ፣ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦

«ዶክተር፣ ልጅቷ እግሯን ታማለች እንዴ?»

ጤነኛ ልጅ ጎማ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት አልታያቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሪው ሥራ አገኘ፤ ጥርጊያው ደህና በሆነበት በኩል የውሃ ጀሪካን ያመላልሳል።

በኋላ ሳስበው ሴትዮዋ የጋሪውን ታሪክ ሳያነቡ ልኩን ነግረውኛል። እ.ኤ.አ. በ1733 ዊልያም ኬንት የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን የሕፃናት ጋሪ ሠራ ሲባል፣ የሠራው ለአንድ መስፍን ልጆች ነው። ጋሪው የሚጎተተው በእንስሳ ሲሆን የሚሄደውም በተንጣለለ የአትክልት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ኦዌን ማክላረን የተባለ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ጋሪ ፈጠረ። ሰውዬው ቀደም ሲል ስፒትፋየር በተባለው የጦር አውሮፕላን የማረፊያ እግር ላይ የሠራ ነበርና ቀላልና ተጣጣፊ ብረት ያውቅበታል። እንግዲህ ጋሪ የተደላደለ መንገድ ልጅ ነው። መንገዱ በሌለበት ጋሪው ሸክም ነው።

የሚገርመው፣ እኛ በጋሪያቸው ስንቀና እነሱ ጀርባችንን ሲቀዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሰላም ጓድ ወደ ቶጎ የሄደች አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሄዱ አይታ አገሯ ስትመለስ ለራሷ ልጅ ማዘያ አሰፋች። ያ ማዘያ ስናግሊ ተብሎ በዓለም ገበያ ተሸጠ። ሐኪሞችም እግሮቹ ተፈርክከው የሚታዘል ሕፃን የዳሌው መጋጠሚያ በደንብ እንደሚያድግ፣ እግሩ ተጣብቆና ተዘርግቶ የሚጠፈር ሕፃን ግን ለዳሌ መውለቅ እንደሚጋለጥ ይናገራሉ። አንቀልባ በዚህ በኩል ሐኪም ሳያዝዘው ሐኪም ሆኖ ኖሯል።

ይህን ስል አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ጋሪ አይረባም ማለቴ አይደለም። የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ባወጣባቸው ሰፈሮች ጋሪ የሚገፉ እናትና አባት ማየት እየተለመደ ነው። ለሚገዛ ሰው ምክሬ አጭር ነው። አንገቱን ላልቻለ ጨቅላ ጀርባው ተዘርግቶ የሚያስተኛ ይሁን፤ ጎማው ትልቅ፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ማሰሪያው ትከሻንም ወገብንም የሚያቅፍ ይሁን። ለፀሐይ ብላችሁ ጋሪውን በነጠላ ወይም በፎጣ ጥፍንግ አድርጋችሁ አትሸፍኑት፤ ውስጡ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛልና። ከዚህ የተረፈው ቀለምና ጌጥ ነው።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጋሪው ሲያስቅብኝ ወንበሩንም ከጋሪው ጋር አብሬ ሳቅሁበት። ሁለቱም ከአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን ስለ መጡ አንድ መሰሉኝ። የፈረንጅ ቅብጠት መሰሉኝ።

በማንጎ ወራት አንድ እሑድ ከመንጌ ወደ አሶሳ እየመጣን ነው። ባለቤቴ ልጃችንን ታቅፋ ጋቢና ተቀምጣለች። ልጅቷ ያኔ የአምስት ወር ናት። እናቴ ከኋላ ናት። ከእናቴ አጠገብ ያ ወንበር አለ፤ ባዶውን ከሚሄድ ብዬ ማንጎ የሞላ ዘምቢል አስቀመጥኩበትና፣ ኮረኮንቹ እንዳይደፋብኝ ወንበሩን በመኪናው ቀበቶ፣ ዘምቢሉን በወንበሩ ማሰሪያ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። ለማንጎው ተጠንቅቄአለሁ ማለት ነው።

ከአንድ ኩርባ ስንወጣ የፍየል መንጋ መንገዱን ሞልቶት አገኘሁ። ፍሬን ያዝኩ። ፍጥነቴ 40 ቢሆን ነው። ከምንም ነገር ጋር አልተጋጨንም። መኪናዋ ግን ስትቆም ልጄ ከእናቷ ክንድ አምልጣ፣ ዳሽቦርዱን መትታ፣ ከባለቤቴ እግር ሥር ወድቃ ነበር። ለአፍታ ድምፅ አልነበራትም። ያችን አፍታ አልገልጻትም። ከዚያ ስታለቅስ ሰማሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ለቅሶ ያስደሰተኝ የለም። ግንባሯ አብጦ ነበር። ሌላ ነገር አልደረሰባትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንዲያው ዞር ስል ማንጎውን አየሁት። አንዱም ፍሬ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ባለቤቴ ለወራት «ለቀቅኋት» እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። አልለቀቀቻትም። ማንም እናት ልትይዛት የማትችለውን ነገር ነው እንድትይዝ የጠየቅኋት። ነገሩን በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ቢላተም፣ በውስጡ ላለ ሰው ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ከመውደቅ እኩል ነው። ልጅ ታቅፎ ከሦስተኛ ፎቅ ዘልሎ «ክንዴ ይጠብቀዋል» የሚል አለን? መኪና ውስጥ ግን ሁላችንም እንላለን። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ለያዘው ክንድ ከመቶ ኪሎ በላይ ይከብዳል። ከፍቅር ጉድለት አይደለም፤ ክንድ ለዚህ አልተፈጠረም።

ይህን የተረዱት ሰዎችም ቶሎ አልተረዱትም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ የመኪና ላይ የሕፃን ወንበሮች ልጁን ከፍ አድርገው ውጭ እንዲያይና እንዳይረብሽ ለማድረግ እንጂ ሕይወቱን ለማትረፍ የታሰቡ አልነበሩም። በ1960ዎቹ ነው ነገሩ የተለወጠው። በርቲል አልድማን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም፣ ጠፈርተኞች መንኮራኩር ሲተኮስ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደሚተኙ አይቶ፣ ሕፃንም ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ቢቀመጥ ግፊቱ በአንገቱ ላይ ሳይሆን በመላ ጀርባው ላይ እንደሚያርፍ አሰበ። የጨቅላ ራስ ከቁመቱ ሩቡን ያህል ነው፤ ከባድ ራስ በለስላሳ አንገት ላይ። በአሜሪካ የተደረገው ጥናት በትክክል የታሰረ ወንበር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን በአደጋ የመሞትን ዕድል በ71 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቴነሲ የተባለችው ግዛት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ ሕግ አድርጋዋለች።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስተርክላት ዝም ብላ ሰማችኝና «እህትህን ከወሎ እስከ አሶሳ ያመጣኋት በምን ነበር?» አለች።

መልስ አጣሁ። መልሱን የሰጠችው ራሷ እህቴ ናት፣ በስልክ። «እማዬ፣ ስለ ደረስን እኮ ነው የምናወራው። ያልደረሱት አይናገሩም።»

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዝም አለች። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ስለ ቀሩት ከእኛ ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት።

እኔም አሁን ክርክሩ እንዲህ ይታየኛል። አንቀልባ የተሠራው ለእግር ፍጥነት ነው። በእግር ፍጥነት የሚወዳደረው የለም፤ ጋሪም አይስተካከለውም። የመኪና ፍጥነት ግን ሌላ አገር ነው፤ እዚያ አገር አንቀልባም ክንድም እንግዳ ናቸው። መኪናውን ከውጭ ተቀብለን ወንበሩን «ባህላችን አይደለም» ብለን መመለስ አንችልም። አብረው የመጡ ናቸው።

መኪና ያለው አንባቢ ከእኔ ስሕተት ይማር። ወንበር ከመግዛቱ በፊት የመኪናውን የኋላ ቀበቶ ይመልከት፤ የሚሠራ ነውን? ወገብና ትከሻ ይይዛል ወይስ ወገብ ብቻ? ኢሶፊክስ የሚባለው መንጠቆ ያለው አዲስ መኪና ከሆነ ይቀላል፤ አሮጌ ከሆነ በቀበቶ የሚታሰር ይምረጥ። ሕፃኑ ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው፣ ወንበሩ በሚፈቅደው ቁመትና ክብደት እስከ ተቻለ ድረስ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ይሁን። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር የአየር ከረጢት በሚሠራበት ጋቢና ፈጽሞ አይቀመጥ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ወንበሩ አደጋ ያላየ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ካጣ ይተወው፤ የተሠራበትና የሚያበቃበት ዘመን ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል። ታስሮ ሲያበቃ ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ሲነቀንቁት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ከማሰሪያው ሥር ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ አይግባ፤ ልብሱን ከላይ መደረብ ይቻላል። እንደ አሶሳ ባለ ሙቀት ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ብረቱ ያቃጥላልና አስቀድሞ በእጅ መዳሰስ ነው።

አንድ ነገር ግን ኅሊናዬን ይቆረቁረዋል። ያች የመንጌ ጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን ይዘው አሶሳ የሚሄዱት በሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ሌላውም በባጃጅ፣ ሲብስም በጭነት መኪና። እሳቸውን «ወንበር ይግዙ» ማለት ቀልድ ነው። ለእሳቸው የሕፃን ወንበር ማለት የሾፌሩ ፍጥነት ነው። ሌላው ልነግራቸው የምችለው ጥቂት ነው፦ ጋቢና አይቀመጡ፣ ልጁን ጀርባዎ ላይ እንዳዘሉ ወንበር ላይ አይደገፉ፣ አንዱን ቀበቶ ለራስዎና ለልጁ አያድርጉት። ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። የቀረው የእሳቸው ሳይሆን የእኛ የባለ መኪኖቹና የመንገድ ባለሥልጣኖቹ ዕዳ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ መንጌ ልንሄድ ስንል ልጄን በወንበሯ አስገብቼ ማሰሪያውን ቆለፍኩ። እናቴ ጎንበስ ብላ ሁለት ጣቶቿን በጨርቁና በልጅቷ ትከሻ መሐል አስገባች። ማሰሪያው በጣቶቿ መሐል ተቆነጠጠ።

«ላላ ነው፤ አጥብቀው» አለችኝ። «አንቀልባም ልጅ የሚጥለው ሲላላ ነው።»

አጠበቅሁት። እሷም አጠገቧ ተቀመጠች፤ የራሷንም ቀበቶ ጠይቃ አሰረች።