ከመኪናው በፊት ሶኬቱን ጠይቁ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። ከካኩማ በቅርቡ ወደ ሰሜን ኖርዌይ የገባ ወንድማችን፣ ስዊድን ያለች እህታችን፣ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ሳይቀር «በዚያ ብርድ የኤሌክትሪክ መኪና እውነት ይሠራል ወይ?» ይሉኛል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ በሰፊው ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

አጭሩ መልስ፦ ይሠራል። ይህ በኤሌክትሪክ መኪና የማሳልፈው አራተኛ ክረምቴ ነው። ክረምት ስል የሐምሌ ዝናብና ጭቃ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ክረምት ማለት ምድሩ ለወራት ነጭ የሚለብስበት፣ በታኅሣሥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የምትጠልቅበት ጊዜ ነው። የምኖረው ኤልቨሩም ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሃማር፣ አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት። መሄጃው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መመለሻውም ያው። የጠዋት ፈረቃ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ ለእኔ የእሑድ ፈረቃ የሚመች አውቶቡስ የለም። ያለ መኪና ሥራው የለም ማለት ነው።

በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዲስ የቤት መኪኖች ከመቶው 89 ያህሉ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ። ብርዱ የማያሠራ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰው አይገዛውም። እኔ የምጨነቀው በሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱም «ለማን ይሠራል?» የሚለው ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ብርዱ የሚወስደውን በቁጥር ልንገራችሁ። የእኔ መኪና ያገለገለ ትንሽ መኪና ነው፤ ባትሪው አዲስ ሳለ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ ነበር። በበጋ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ከሞላሁት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይወስደኛል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲገባ ግን ለዚያው መንገድ 28 ይጠይቃል። ያን ጊዜ 120 ኪሎ ሜትር ከሄደልኝ ተመስገን ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካል ብርድ ሲመታው ሥራው ይዘገያል፤ ኃይል ሲሰጥም ሲቀበልም ይለግማል። ሁለተኛውና ትልቁ ማሞቂያው ነው። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ የሚበልጠውን ጉልበት በሙቀት መልክ ያባክናል፤ እኛ በብርድ የምንሞቀው ያንን የባከነውን ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ብዙ አያባክንም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከባትሪው ይከፈላል። ሂት ፓምፕ ያለው መኪና በዚህ ይሻላል፤ ያገለገለ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። አጭር አጭር መንገድ እየሄዱ መቆም ደግሞ የበለጠ ይበላል፤ የቀዘቀዘውን መኪና በየጊዜው እንደገና ታሞቁታላችሁና።

ጠዋት ጠዋት እንዲህ አደርጋለሁ። ከመነሳቴ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ መኪናው ገና ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ ሳለ፣ በስልኬ ማሞቂያውን እከፍታለሁ። ሙቀቱ ከግድግዳው መጣ እንጂ ከባትሪው አልተቀነሰም። መስታወቱም ያቀለጠውን በረዶ በቀላሉ እጠርገዋለሁ። ስነዳ አየሩን ከማሞቅ የመቀመጫውንና የመሪውን ማሞቂያ እመርጣለሁ፤ እነሱ የሚበሉት በጣም ትንሽ ነው። ቻርጅ ማድረጉንም ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል እንዲጨርስ በሰዓት እሞላዋለሁ፤ ባትሪው ትንሽ ሞቅ ብሎ ያድራል።

መንገዱ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁን ደግሞ ስሙኝ። እስካሁን «ነዳጅ» የምንለውን ፔዳል ስትለቁት የኤሌክትሪክ መኪና በራሱ ይይዛል፤ ኃይሉንም መልሶ ባትሪ ውስጥ ያስገባል። በደረቅ መንገድ ደስ ይላል። በረዶ ላይ ግን በድንገት ከለቀቃችሁት ጎማው ሊንሸራተት ይችላልና ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ኃይል መመለሻውንም በዝቅተኛው ላይ አድርጉት። ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይህ አያያዝ ስለሚቀንስ ፍሬን ላይ እግራችሁ ዝግጁ ይሁን። ኖርዌይ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት በሚያንሸራትት ሜዳ ላይ መሠልጠን ግዴታ ነው። ገንዘብ ማባከን አድርጋችሁ አትዩት፤ አዲስ አበባ 15 ዓመት የነዳ ሰውም እዚህ ጀማሪ ነው።

የጎማ ነገር በሕግ ነው። በክረምት ጥርሱ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ባለምስማሩ ጎማ በሰሜኑ ክፍል ከኦክቶበር 16 እስከ ኤፕሪል 30 ይፈቀዳል። በእኛ መንገድ ደግሞ ኤልግ የሚሉት፣ ከፈረስ የሚገዝፍ የዱር እንስሳ አለ። በጨለማ ከጫካው ድንገት ብቅ ይላል፤ ፍጥነት ቀንሱ።

«መንገድ ተዘግቶ በረዶ ውስጥ ብቀርስ?» ላላችሁኝ፦ ቆሞ የሚያሞቅ መኪና በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግ፣ 16 የቀረው ባትሪ 8 ሰዓት ያቆያችኋል። ጭስ ማውጫ ስለሌለውም አይመርዛችሁም። የቤንዚን መኪና ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ የምትተኙ ግን ተጠንቀቁ፤ ጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በየትኛውም መኪና ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ውሃና ባትሪ መብራት አይለያችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ሁሉ የነገርኳችሁ ዘዴ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ መኪናው የሚያድርበት ቦታ ላይ ሶኬት መኖር አለበት። የራሱ ቤትና ጋራዥ ያለው ሰው ሰክቶ ይተኛል። ስደተኛው ግን በአብዛኛው ተከራይ ነው። መኪናው መንገድ ዳር ያድራል፣ ባትሪው እስከ ጠዋት በረዶ ይሆናል፣ ኃይልም የሚገዛው ከፈጣን ቻርጀር ነው። እዚያ ዋጋው ቤት ከሚከፈለው ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ወረፋ አለ። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ባትሪ ቶሎ አይቀበልም፤ በፍጥነት ቢሞሉት ስለሚጎዳ መኪናው ራሱ ይገድበዋል። በበጋ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ከአንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ብርዱ አንድ ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ሶኬት የሌለውን ነው።

አንዲት የሶማሌ እህት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ቋሚ አይደለችም፤ ሰው ሲጎድል ነው የምትጠራው። አንድ ጥር ጠዋት፣ ከዜሮ በታች 25 ሆኖ፣ ፈጣን ቻርጀሩ ጋ ከፊቷ ሁለት መኪና ነበር። ተራዋ ሲደርስ ባትሪው አልቀበል አላት። 50 ደቂቃ አርፍዳ ደረሰች። ማንም አልተቆጣትም፤ ሁለት ሳምንት ግን ስልኳ አልጠራም። ዳዳብ ላለችው እናቷ የምትልከው በዚያ ወር ጎደለ። ደግሞም ታውቃላችሁ፤ ቋሚ መኖሪያ ስንጠይቅም፣ ብዙዎቻችን ቤተሰብ ለማምጣት ስናመለክትም የገቢ ማስረጃ ይፈለጋል። የጠፋ ፈረቃ የጠፋ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ልጅን የማቀፊያውን ቀን ሊያርቅ ይችላል።

ስለዚህ ምን አደረግን? ጠየቅን። እኔ ለአከራዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ነጥብ ነበረው፦ ሥራውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሠራል፤ ሳጥኑ የተጠቀምኩትን ስለሚቆጥር የራሴን እከፍላለሁ፤ የቤቱን ፊውዝ እንዳያቃጥል ጭነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ስለቅቅ ሳጥኑ ከቤቱ ጋር ይቀራል። ሽማግሌው መጀመሪያ እሳት ፈርተው እንቢ አሉ። ኤሌክትሪሺያኑን ቤት ድረስ ይዤላቸው መጣሁ፤ ቡና ጠጥተው፣ ጠይቀው፣ ግማሹን ወጪ እሳቸው ቻሉ። የእኔን ግማሽ በስድስት ወር ከፈልኩ።

ያቺ እህት ያለችበት ፎቅ ቤት ደግሞ የብዙ ሰው ነው። እዚያ ብቻዋን ብትጠይቅ አይሆንላትም ነበር። በር እያንኳኳን ኤርትራዊውንም፣ ሶሪያዊውንም፣ ኖርዌጂያኑንም አስፈረምን፤ ዘጠኝ ቤት ሆንን። የቤቱ ኮሚቴ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ አቀረበው፤ በቀጣዩ መኸር መኪና ማቆሚያው ላይ አራት ቻርጀር ተተከለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድም ቀን አላረፈደችም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በመስኮት ኤክስቴንሽን አውጥታችሁ በየሌሊቱ መኪና አትሙሉ። የቤት ሶኬት ለሰዓታት ከባድ ጭነት ለመሸከም አልተሠራም፤ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ልጆች የተኙበትን ቤት ያቃጥላል። ከዚያ ይልቅ መጠየቅ ይሻላል። እኛ ስደተኞች መጠየቅ እንፈራለን፤ «ከቤቱ ያስወጡኛል» እንላለን። በጽሑፍ፣ በአክብሮት፣ ወጪውን አስልቶ የጠየቀ ሰው ግን ቢያንስ በቁም ነገር ይሰማል።

ለአንተም፣ የአክስቴ ልጅ፣ ይኸው መልሱ። አገር ቤት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሁሉም ሰው ስለ ሞዴልና ስለ ዋጋ ነው የሚያወራው። የአዲስ አበባ ብርድ ባትሪህን አይነካውም። ኤሌክትሪኩም እንደ ኖርዌይ አብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ነው። ግን አንተ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናው የት ያድራል? ከየትኛው ቆጣሪ ይሞላል? መብራት ሲጠፋስ? ይህን ሳትመልስ ብትገዛ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል። ጎረቤቶችህን ሰብስብና መጀመሪያ እሱን ተነጋገሩ።

በኖርዌይኛ የጻፍኩትን ደብዳቤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ንገሩኝ፤ ስምና አድራሻ እየቀየራችሁ ተጠቀሙበት። በሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ እንዴት እንደጠየቃችሁና ምን እንደተመለሰላችሁ ከታች ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ሰው መንገድ ይሆናል። አዲስ ለገባ ወገን ሼር አድርጉለት።

በሰላም ግቡ፤ ቸር ያሰማን።