ነርስ ልትሆኑ ነው? እስቲ አንዴ እንጠይቃችሁ

መቼስ በዚህ ከተማ «ነርሲንግ ልማር ነው» ያለች ልጅ ምን እንደምትባል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። አባት፣ «ጎሽ! ሥራ አይጠፋም» ይላሉ። አክስት፣ «ውጭ ከወጣሽማ ተፈላጊ ነሽ» ይላሉ። እናት ደግሞ ለጎረቤት፣ «እሷ እኮ ድሮም ሆደ ቡቡ ናት፤ ለሰው ታዝናለች» ብለው ያሳርጋሉ። ሥራ፣ ቪዛ፣ ርኅራኄ። አለቀ!

«ማሰብ ላይስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ግን የለም። (ጥያቄው ስድብ እንደሚመስል ይገባናል። ስድብ አይደለም።)

ሆደ ቡቡነትን አናጣጥልም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ራሷ የምትታወሰው ሌሊት መብራት ይዛ በቁስለኞች መሃል ስትመላለስ ነው። ያቺው ሴት ግን እ.ኤ.አ. በ1858 የክራይሚያን ጦርነት ሟቾች ቆጥራ፣ በሥዕላዊ ሠንጠረዥ አስቀምጣ፣ ከጥይት ይልቅ ወታደሩን የፈጀው መከላከል የሚቻል በሽታ እንደነበር ለእንግሊዝ ባለሥልጣናት አሳይታለች። መብራቱ ለፖስት ካርድ ተመቸና ቆጠራዋ ተረሳ።

ወደ እኛ እንመለስ። ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሳደገን ሽምደዳ ነው። ሃንድአውቱን ዋጥ፣ ፈተናው ላይ መልስ። «ለምን?» ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ አመለኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ባለጌ። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላላ! ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ዝምታን የተማረች ልጅ ነጭ ጋዋን ስትለብስ ምን ይጠብቃታል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሐኪሙ ለስኳር ታማሚ ኢንሱሊን ሲያዝ «10» ብሎ ከጎኑ የእንግሊዝኛዋን «ዩ» ፊደል ጣል አደረገ እንበል፤ «ዩኒት» ማለቱ ነው። እጁ ትንሽ ከተጣደፈና የፊደሏ አፍ ከተገጠመ ዜሮ ትመስላለች። አሥሩ መቶ ሆነ ማለት ነው። መቶ ዩኒት ደግሞ አሥር የሚበቃውን ሰው ስኳሩን አውርዶ ራሱን ሊያስተው፣ ሊገድለውም ይችላል። ቀልድ አይደለም፤ በአሜሪካ ለሆስፒታሎች ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ይህችን ፊደል በትእዛዝ ወረቀት ላይ ከማይጻፉ አህጽሮቶች ተርታ አስገብቷታል። በወረቀቱና በታማሚው መካከል የቆመችው የመጨረሻዋ ሰው ነርሷ ናት። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አሥር ነው መቶ ያሉት?» ማለት አለባት። እዚህ ላይ ስንጽፈው ቀላል ነው። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሐኪሙ በአባቷ ዕድሜ ነው፤ ተማሪዎችና አስታማሚዎች ዙሪያውን ቆመዋል። በሕይወቷ ትልቅ ሰው ጠይቃ የማታውቅ ልጅ ያን ቀን ከየት ታመጣዋለች?

የአንዳችን ታናሽ እህት ዘንድሮ ነርሲንግ ልትመዘገብ ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ይህን ጥያቄ ሰጠናት። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ነሽ፤ አራት ሰው ባንዴ መጣ። አንዱ ከሞተር ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ወጣት ነው፤ ግቢውን በጩኸት ያናውጠዋል። አንዷ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ «ጨጓራዬ ነው» ይላሉ፣ ላብ አጥምቋቸዋል። አንዱ ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ነው፤ የአጎቱ ልጅ እዚያው ስለሚሠራ ቀጥ ብሎ ነው የገባው። አራተኛው በእናቱ ጀርባ የታዘለ የስምንት ወር ሕፃን ነው፤ ሲያስለውና ሲያስመልሰው አድሮ አሁን «ገና ተኛልኝ» ትላለች እናቱ። ማንን ታስቀድሚያለሽ?

«ክንዱ የተሰበረውን! እየጮኸ እኮ ነው!»

እስቲ ቆይ፣ አልናት። የሚጮህ ሰው አየር እየገባለት ነው፤ ራሱንም ያውቃል። ያማል እንጂ ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ሕፃኑን ግን ማን አየው? ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ሲነካኩት ይነቃል? ጡት ይይዛል? ሌሊቱን ሲያስመልስ ያደረ ልጅ ካልነቃ እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ እናትየዋ ናቸው። ላብ ያለበት «ጨጓራ» ልብ ሊሆን ይችላል፤ በሴቶች ላይ የልብ ሕመም እንዲህ ተመስሎ መምጣቱ የታወቀ ነው። ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሰውዬውስ?» አለች። የትኛው? «ዘመድ ያለው።» ተሳሳቅን። እሱን እንኳን የሚያስቀድመው አያጣም! ነገሩ ግን ከሳቅ ያለፈ ነው። እኛ አገር ወረፋ የሚያገኘው ወይ የጮኸ ነው ወይ ሰው ያለው፤ ትሪያጅ የሚባለው ሥራ ይህን ልማድ በየደቂቃው መጣላት ነው።

ትንፋሽ ቆጠራንም እንዲሁ። ነርስ ጓደኞቻችን እየሳቁ ይነግሩናል፤ አንዳንድ ዋርድ ውስጥ ቻርቱን ብታገላብጡ ታማሚው ሁሉ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ነው የሚተነፍሰው! ማንም አልቆጠረማ። ሳል ያለበትን ሕፃን ግን ስልሳ ሰከንድ ሙሉ ደረቱን አይቶ መቁጠር ግድ ነው። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። ስለዚህ 45 ብትቆጥሩ ለስምንት ወሩ ሕፃን ፈጣን አይደለም፣ ለሦስት ዓመቱ ልጅ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ቁጥሩን መሸምደድ አንድ ነገር ነው፤ የማን ትንፋሽ እንደሆነ መጠየቅ ሌላ።

አሜሪካ ለመሄድ የምታስቡም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም። እዚያ ነርስ ሆኖ ለመሥራት ማለፍ ግዴታ የሆነው ኤንክሌክስ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የታማሚውን ቻርት ፊታችሁ ዘርግቶ የቱ ምልክት እንደሚያሳስባችሁ፣ ምን እንደምትጠረጥሩ፣ መጀመሪያ ምን እንደምታደርጉ ይጠይቃል።

እንዴት ይለመዳል? እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የገባን ነገር «ማን ነው ያለው? እንዴት አወቀ?» ማለት ነበር። ነርስም ያው ነው። ልዩነቱ፣ ጋዜጠኛ ቢሳሳት በሚቀጥለው እትም እርምት ያወጣል። ለፈተና ስታጠኑ ትክክለኛውን ፊደል ከብባችሁ አትለፉ፤ የቀሩት ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ ለጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ አስረዱ። ካቃታችሁ መልሱን አላወቃችሁትም፤ ገምታችኋል። ደግሞም «ምን ባይ ሐሳቤን እቀይራለሁ?» በሉ።

የመጀመሪያው ውሳኔ ግን ዋርድ ውስጥ አይደለም፤ የምዝገባው መስኮት ላይ ነው። የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠው ለዚህ ፕሮግራም፣ ለዚህ ካምፓስ ነው? ወይስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሌላ ቅርንጫፍ ነው? የተግባር ልምምዱ የት ሆስፒታል ነው፣ ስንት ተማሪ በአንድ አልጋ ዙሪያ ይቆማል? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለዲግሪ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከተመረቁ በኋላም የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ከዚህ ቤት ስንቱ አለፈ?

እህታችን እነዚህን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጽፋ ባለፈው ሳምንት አንድ ኮሌጅ ሄደች። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ጋዜጠኛ ነሽ እንዴ?» አለቻት። የፈቃዱን ኮፒ ግን አላሳየቻትም። ሰኞ ሁለተኛው ኮሌጅ ትሄዳለች።