ቅርንፉድ ከነዛፉ

ቅርንፉድን ከመርካቶ በላስቲክ ተቋጥሮ ብቻ ለምናውቀው፣ ዛንዚባር ኪዚምባኒ ያለው የቅመም እርሻ ያስገርማል። ለካ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው! ተለቅሞ ምንጣፍ ላይ ሲሰጣ ፀሐይ ያጠቁረዋል። የገውዝ ፍሬ ሲሰነጠቅ ደግሞ ዘሩ ደም የመሰለ ቀይ መረብ ለብሶ ይወጣል። እናቴ መዳፏ ላይ አገላብጣ አይታ፣ “ይሄንን ነው እንዴ ስወቅጥ የኖርኩት?” አለች።

የ9 ዓመቷ ልጄ ግን ዛፎቹን ማን እንደተከላቸው ጠየቀች። አስጎብኚው አልሸሸም። በዑማን ሱልጣኖች ዘመን የቅርንፉድ እርሻዎቹን ያለሙት ከአህጉሩ በግድ የመጡ ባሮች እንደነበሩ፣ ባርነት በሕግ የቀረውም በ1897 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ነገራት። እናቴ “ለሕፃን እንዲህ ይወራል?” ብላ ተቆጣችኝ። እኔ መነገሩን ወደድኩት።

ከዚያ ወደ ማብሰያው ገባን። ኮኮናት የሚፈቀፈቅበት ባለጥርስ በርጩማ በስዋሂሊ “ምቡዚ” ይባላል፤ ፍየል ማለት ነው። ልጄ ፍየሏ ላይ ተቀምጣ እየሳቀች ፈቀፈቀች። የኮኮናቱ ወተት ሄል፣ ቀረፋ፣ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ ከገባበት ሩዝ ጋር በሰለ፤ ፒላው ይሉታል። አብሳይዋ እናቴን “ቢቢ” እያለች ታቀምሳታለች፤ እናቴ በአማርኛ “ቅርንፉዱ በዛ” ትላታለች። ሳህኗን ግን ባዶ አደረገችው።

ስትጨርስ ወደ ልጄ ዘወር አለችና፣ “እስቲ ጠይቂው፤ እነዚያ ሰዎች ከዚህ ቀምሰው ያውቁ ነበር?” አለቻት።