እንጥሌ የት ሄደ?

ስለ ደቡብ ኦሞ ሲወራ «ሚንጊ» ሳይነሳ አይቀርም። በሐመር፣ በበና እና በካራ ልማድ፣ የላይ ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን መዓት ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ ከሞት የተረፉትን ጂንካ ላይ ማሳደግ ጀመረ፤ የካራ ሽማግሌዎችም በ2004 ዓ.ም. ልማዱን ሻሩት።

ይህን ስንሰማ እኛ የመሃል አገር ልጆች «ወይ ጉድ!» እንላለን። ቆይ እስቲ... የእኔ እንጥል የት ሄደ? በጨቅላነቴ ተቆርጧል። አያቴን ብጠይቃት «አብጦ እንዳያንቅሽ ነዋ!» አለችኝ። ጨክና አይደለም፤ ፈርታ ነው። እዚያም እዚህም የሕፃን አፍ ታይቶ በፍርሃት ይፈረዳል።

ለነገሩ የጨቅላ አፍ የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ። ድዱ ላይ እብጠት ይዞ የሚወለድ ሕፃን አለ፤ በብዛት ሴቶች ላይ፣ በላይኛው ድድ። ካንሰር አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ትንሽ ከሆነ በራሱ ሊከስም ይችላል። ጡት መጥባት ከከለከላት ደግሞ ሐኪም ቆርጦ ያወጣዋል፤ ተመልሶም አይበቅልም።

አያችሁ፣ ሐኪምም ይቆርጣል። ግን መጀመሪያ አይቶ ይለያል። ጂንካም ሆስፒታል አለ። እናም ወዳጆቼ፣ ሕፃን አፍ ውስጥ እንግዳ ነገር ስታዩ ከሽማግሌም፣ ከምላጭም በፊት ሐኪም ይየው!