መቅድሙ የቀረ መጽሐፍ

ባለፈው ጥቅምት፣ በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በምኖርበት ሕንፃ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በአስታማሚነት የሚያገለግሉና በዕድሜ ታላቄ የሆኑ አንዲት የአገሬ ሰው፣ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሬን አንኳኩተው ገቡና ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ፣ «ስማ አንተ፣ ይህን ሊኑክስ የሚሉትን ትምህርት ልጀምር ነውና የጀማሪ መጽሐፍ ምረጥልኝ፤ የቱን ልግዛ?» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ነገር ግን እኔ ራሴ በአዲስ አበባ ይህንኑ በተማርሁበት ዘመን «የቱን ልግዛ» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው እንዳልነበረ ትዝ ስላለኝ፣ ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ።

እኛ በ1999 ዓ.ም. ገደማ፣ የምንማርበት ኮሌጅ ከሚያስተምረን አልፈን ሌላ ለማወቅ የጓጓን ሰባት ጓደኛሞች ስንሆን፣ መጽሐፋችን አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የተገዛች፣ ጀርባዋ በፕላስተር የተጠገነ፣ ሬድ ሃት 9 ለሚባለው የሊኑክስ ስሪት የተጻፈች ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ናት። ለየራሳችን ቅጂ ለማስነሣት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በወሰድናት ጊዜ፣ ሒሳቡ በገጽ የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ ከመካከላችን ቁጠባ ዐዋቂ የሆነው አንዱ መቅድሙን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና «ይህማ ደራሲው ለባለቤቱና ለውሻው ምስጋና የሚያቀርብበት ነው» ብሎ ስለ ፈረደ፣ ከአንደኛው ምዕራፍ ጀምሮ ብቻ እንዲነሣ ተስማማን። ደግሞም መጽሐፏ ከውፍረቷ የተነሣ በማሽኑ መስተዋት ላይ ተዘርግታ ልትተኛ ስላልቻለች፣ በስፌቱ በኩል ያለው ጠርዝ በጥላ ተውጦ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ በዚህም ምክንያት በግራ ገጾች ላይ ከየትእዛዙ ፊት ቆማ የምትታየው ትንሽ ምልክት በቀኝ ገጾች ላይ ጠፍታ ቀረች። አንዴ የምትገለጥ አንዴ የምትሰወር ስለ ሆነች፣ እኛ የአታሚው ጌጥ ናት ብለን ተውናት።

ሊኑክስን የጫንንበት ሲዲ ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር የማይተዋወቅ ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረውንና ማንም ሰው የውስጡን ጽሕፈት እንዲያነብ፣ እንዲያርም፣ ለሌላም እንዲያካፍል የተፈቀደለትን ሊኑክስ የተባለውን ከርነል፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን ሥራ ሁሉ የሚመራውን የውስጥ ፕሮግራም፣ መሠረት አድርገው ልዩ ልዩ ወገኖች የየራሳቸውን ስሪት ሲያዘጋጁ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ያቋቋመው ድርጅት ከ2004 ጀምሮ ኡቡንቱን አወጣ፤ ሲዲውንም ሺፕ ኢት በሚባለው አገልግሎት፣ እስከ 2011 ድረስ፣ ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። የእኛም በካርቶን ከረጢት ተሸፍኖ በአንዱ ጓደኛችን አባት የፖስታ ሣጥን ቁጥር መጣ። መጽሐፉ የሬድ ሃት፣ ሲዲው የኡቡንቱ ሆነና ጣጣው ተጀመረ። መጽሐፉ «ኤስ ዩ ብለህ ጻፍ፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ስጥ» ይላል፤ ኡቡንቱ ግን ያንን የአስተዳዳሪ መግቢያ ከፋብሪካው ቆልፎ የሚልክ ስለ ሆነ፣ ማሽኑ በዓለም ላይ ማንም የማያውቀውን ቃል ይጠይቀን ጀመር። አንድ ሳምንት ሙሉ የሞከርነውን ቃል ሁሉ ብጽፈው ይህ ገጽ አይበቃም።

ከዚህ ያወጣን የኮሌጁ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነው፤ ጋሼ እንለው ነበር፣ ከእኛ የሚበልጠው ግን ቢበዛ በስምንት ዓመት ነው። «ሱዱ በሉና የራሳችሁን ቃል ስጡ» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በስመ አብ ሳይል እህል እንደማይቀምስ ሰው፣ በትእዛዝ ሁሉ ፊት ሱዱ ማለት ልማዳችን ሆነ፤ የጽሑፍ ማረሚያውን ስከፍት በሱዱ፣ ሥዕል ሳይ በሱዱ። ታዲያ አንድ ማለዳ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ብሰጠው፣ ተቀብሎ ጨለም አለና ተመልሶ ስሜን ጠየቀኝ፤ ደግሜ ብሰጠው ደግሞ መለሰኝ፤ በገዛ ቤቴ ደጃፍ እንደ ቆመ እንግዳ ሆንሁ። ነገሩ ኋላ እንደ ተገለጸልኝ፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የከፈትኋቸው ፕሮግራሞች በእኔ ማኅደር ውስጥ የሚያስቀምጡት ፋይል ሁሉ የአስተዳዳሪው ንብረት ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ እኔ በራሴ ስም ስገባ የግድ የሚያስፈልገኝን ፋይል እንኳ መክፈት ተከልክዬ ኖሯል። ጋሼ ባለቤትነቱን በአንድ መስመር ትእዛዝ መለሰልኝና ቅጂዬን አንሥቶ አገላብጦ አየ። «የዶላሩ ምልክት ያለበት በተራ ተጠቃሚነት የሚሠራ ነው፤ ይህች መሰላል የምትመስለው ያለችበት ደግሞ በአስተዳዳሪነት የሚሠራ ነው፤ ይህን እኮ በመቅድሙ ላይ ጽፎታል፤ መቅድሙ የታለ?» አለ። ስድስታችንም ወደ ቁጠባ ዐዋቂው ዞር አልን።

ይህን ሁሉ ስናገር የዚያን ጊዜውን ድህነት ለማማረር አይደለም፤ እንዲያውም በዚያች በተጎዳች ግልባጭ ከሰባታችን አምስታችን እስከ ዛሬ እንጀራ የምንበላበትን ሙያ ተምረንባታልና። የሚያስደንቀው እንዴት እንደ ተማርንባት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳም ብሎ ሲያበቃ የሚሰጠው ንባብ መልእክተ ዮሐንስ ነው፤ ሐዋርያው ግን ያን መልእክት በጻፈ ጊዜ ስለ ሰባት ዓመት ጀማሪ አንባቢ ያሰበ አይመስለኝም። ንባቡን በሕፃኑ ልክ የሚቆርሱለት የኔታ ናቸው፤ ያንኑ ገጽ ዛሬ በቁጥር፣ ነገ በውርድ ንባብ እያስኬዱ፣ ስንጥሩ የሳተበትን ፊደል እያስመለሱ። የእኛም ጋሼ እንዲሁ ነበር፤ መጽሐፏ ልክ ባትሆንም እርሱ ያስተካክላት ነበር፤ እርሱ ሳይኖር ሲቀር ደግሞ «ማንን ጠይቁ» ብሎን ይሄዳል። ማን የሚባለው የእያንዳንዱን ትእዛዝ መግለጫ የሚያወጣው ትእዛዝ ስም ነውና፣ አዲስ የመጣ ተማሪ «ማንን?» ሲል «አዎ፣ ማንን» እያልን የሳቅንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ሜሪላንድ ልመለስ። ሴትዮዋን ይዤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሄድሁና 005.43 የሚል ቁጥር ከተለጠፈበት መደርደሪያ ፊት አቆምኋቸው። እዚህ አገር መጽሐፍ የጠፋበት ሰው የለም፤ ሰው የሚጠፋው በመጻሕፍቱ መካከል ነው። የገዢዎችን አስተያየት ያነባል፣ ኮከብ ይቆጥራል፣ ሦስቱን ያዛል፣ ከሦስቱም ሠላሳ ሠላሳ ገጽ አንብቦ አራተኛውን ይፈልጋል፤ ይህን የምለው ከሌላ ሰምቼ ሳይሆን የራሴን መደርደሪያ አይቼ ነው።

በመጀመሪያ እጃቸው የገባው የክሪስቶፈር ኒገስ ወፍራም ጥራዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዐሥረኛው እትም ነበር፤ ርእሱን «ሊኑክስ ባይብል» ብዬ ባነበብሁላቸው ጊዜ አማተቡና «ስሙን ባይደፍሩት ምን ነበረበት?» ብለው ወደ ቦታው መለሱት። ቀጥሎ የኢቪ ኔሜትና የባልደረቦቿ የዩኒክስና የሊኑክስ አስተዳደር መጽሐፍ ነበረ፤ አምስተኛው እትም በ2017 ሲወጣ ኢቪ ራሷ አልነበረችም፤ በ2013 ከኒው ዚላንድ ወደ አውስትራልያ በመርከብ ስትጓዝ ባሕር ላይ ጠፍታ ቀርታለችና። መጽሐፏ ሊቅነት የሞላበት ነው፤ ግን ሥራ ላይ ላለ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይሰጥም። በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙዎቹ ወገኖቻችን በቀጥታ የሚገዙት ለሬድ ሃት የምስክር ወረቀት ፈተና ማዘጋጃ የሆነውን ነው፤ ፈተናው በማሽኑ ላይ እየሠሩ የሚያልፉት ስለ ሆነ ልምምዱ መልካም ነው፣ ዳሩ ግን ፊደል ሳይቆጥሩ ቅኔ ቤት እንደ መግባት ይሆናል።

የኅትመቱንም ዘመን እንዲያዩ ነገርኋቸው፤ በዚህ ነገር የአገር ቤቱ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴና የዚህ አገር ቤተ መጻሕፍት አይለያዩም፣ ሁለቱም ዘንድ ያረጀ መጽሐፍ አለ። በትእዛዝ መስመር ላይ የሚጻፉት ትእዛዞች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያሉ ስለ ሆኑ እንደ ባሕረ ሐሳብ ቀመር ናቸው፤ አሥር ዓመት የቆየ መጽሐፍ ስለ እነርሱ ቢናገር ይታመናል። አገልግሎቶችን ስለ ማስነሣትና ስለ ማቆም የሚናገረው ክፍል ግን ጳጉሜን ሲያልቅ እንደሚጣለው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ሬድ ሃት በ2014፣ ኡቡንቱ በ2015 ሲስተምዲ ወደሚባለው የአገልግሎት ማስነሻ ሥርዓት ስለ ተዛወሩ፣ ከዚያ በፊት የታተመው የሚያስተምረው ያለፈውን ሥርዓት ነው።

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንግዲህ የኔታ ከአጠገቤ ከሌሉ፣ መጽሐፉ ራሱ የኔታም መሆን አለበት በለኛ» አሉኝ። እኔ ከእሑድ ጀምሮ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ሳሰላስል የከረምሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለ ጨረሱት፣ የዊልያም ሾትስን «ዘ ሊኑክስ ኮማንድ ላይን» አውጥቼ ሰጠኋቸው። ይህ መጽሐፍ ትእዛዙን ከነገረ በኋላ ማሽኑ የሚመልሰውን ጭምር ያሳያል፤ አንባቢው እንዲጽፍ፣ እንዲሳሳትም ይተወዋል፤ ግሬፕን የመሰለ የትእዛዝ ስም ለሜሪላንድ ተወላጅም ባዕድ መሆኑን ያውቃልና፣ ስሞቹን ሁሉ እንደ አዲስ ቋንቋ አድርጎ ያስተምራል። አራተኛው ክፍሉ፣ ስክሪፕት ስለ መጻፍ የሚናገረው፣ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል ሁለት ጊዜ ሳይወጡ ወደዚያ እንዳይሄዱ አደራ አልኋቸው። በወረቀት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው እትም በ2019 ሲሆን፣ ደራሲው በኮምፒዩተር የሚነበበውን ቅጂ በነጻ እንዲወርድ ስለ ፈቀደ፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ተማሪ መቅድም የሚያስቀር ቁጠባ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ለአገር ቤቱ ተማሪ፣ ጋሼን የመሰለ ሰው ካለው፣ ይህንኑ መጽሐፍ አልመርጥለትም። እርሱ የብራያን ዋርድን «ሃው ሊኑክስ ዎርክስ»፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ሦስተኛ እትም ቢይዝ ይሻለዋል፤ ያ መጽሐፍ ከርነሉ እንዴት እንደሚነሣ፣ ዲስኩ እንዴት እንደሚከፈል፣ ውስጥ ውስጡን እንደ አንድምታ የሚያብራራ ስለ ሆነ ብቻውን ለሚያነብ ይከብዳል፤ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ላለው ግን ብዙ ዓመት የሚያገለግል ስንቅ ነው። ዱሮም የእኛ ጥፋት ከባድ መጽሐፍ መያዛችን አልነበረም።

በሴትዮዋ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ጫንሁላቸውና ተለያየን። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ቦታቸው ደወሉ።

«አንተ፣ እረፍት ላይ ነኝ። መጽሐፉ የጻፈውን ከዶላሩ ምልክት ጀምሬ ጻፍሁለት፤ እምቢ አለኝ።»

«ምን አለዎት?»

«የዶላር ምልክት የሚባል ትእዛዝ አላገኘሁም ይላል።»

«አንደኛውን ምዕራፍ አንብበውታል?»

«እሱማ አጭር ነው፤ መግቢያ ነገር መስሎኝ ከሁለተኛው ጀመርሁ።»

ምልክቱን ይተዉትና ከእርሱ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ፊደላት ብቻ ይጻፉ አልኋቸው። የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማኝ፤ ጥቂት ዝም አሉ።

«እሰይ! አሁን መለሰልኝ። ሆም ይልና ስሜን ይጽፋል። ቤትዎ ነዎት ማለቱ ነው?»

«አዎ» አልኋቸው፤ «ያሉበትን ነው የነገረዎት።»