ስልካችን «ደኅና ነኝ» ባለ ጊዜ

በማደሪያችን አንድ ክፍል ውስጥ የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። በምንማረው ትምህርትም፥ በተወለድንበት አገርም፥ በጠባይም የተለያየን ስንሆን፥ አራታችንን አንድ የሚያደርገን ነገር ቢኖር መርሳት ነው። በትምህርት ሰዓት የስልክ ድምፅ መዝጋት እንረሳለን፤ መብራት ሳይጠፋ ባትሪ መሙላት እንረሳለን፤ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ወደ ወላጆቻችን መደወል እንረሳለን። ስለዚህ ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ እኛ የምንረሳውን ስልኮቻችን እንዲያስታውሱ፥ ከተቻለም ራሳቸው እንዲፈጽሙት ለማድረግ ተስማማን። ከዚህ ያገኘነውን ጥቅምና ያየነውን ጉድ ለአንባብያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ስለ ታየን ይህን ጽሑፍ አቀረብን።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ጥንቆላ ቢመስልም አሠራሩ ቀላል ነው። ስልኩ የሚታዘዘው «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» በሚል ቃል ነው። የትእዛዙ የመጀመሪያ ክፍል ምክንያት ሲሆን፥ ይኸውም የአንድ ሰዓት መድረስ፥ የባትሪ መቀነስ፥ ወይም ከአንድ ዋይፋይ ጋር መገናኘት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ክፍል ተግባሩ ነው። ሦስተኛው፥ ሲያስፈልግ የሚጨመረው፥ ገደቡ ነው። ለምሳሌ «ባትሪህ ከመቶ 20 ሲደርስ ብርሃንህን ቀንስ፤ ቻርጅ ላይ ከሆንክ ግን ተወው» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። በአንድሮይድ ስልክ ይህን የሚሠሩ ታስከርና ማክሮድሮይድ የሚባሉ መተግበሪያዎች አሉ። በአይፎን ያለው ሾርትከትስ ይባላል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2014 ወርክፍሎው በሚል ስም ወጥቶ የነበረ ሲሆን፥ አፕል በ2017 ገዝቶ በ2018 በአዲሱ ስም ለሕዝብ ያቀረበው ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ የመጀመሪያው ጥፋታችን ከችኮላ የመጣ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንዲቀሰቅሱን በአራቱም ስልኮች ላይ «1:00» ብለን ጻፍን። ስልኩ ግን ቀኑን የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነውና፥ የእርሱ 1:00 የእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ የእኛ የጠዋት 1 ሰዓት ደግሞ የእርሱ 7:00 ነው። በዚያች ሌሊት አራት ስልኮች በአንድ ቃል ሲጮኹ የሕንፃው ተማሪ በሙሉ ተነሣ። ጎረቤቶቻችን የተናገሩንን ቃል እዚህ ማስፈር ለመጽሔቱ ክብር አይስማማም።

ሁለተኛው ጥፋት የቀን አቈጣጠር ነው። የአንዳችን አክስት እዚሁ ከተማ ውስጥ የማርያም ማኅበር አላቸው፤ ወር በገባ በ21 ቀን ዕቃ የሚያቀብልና ወንበር የሚያነሣ ሰው ይፈልጋሉ፤ እኛም ለሥራውም ሆነ ለዳቦውና ለጠላው ቀርተን አናውቅም። መስከረም 21 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ላይ ስለ ዋለ፥ «በየወሩ በ1 አስታውሰን» ብለን አዘዝን። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ሲሆን የእነርሱ አንዳንዱ 31 መሆኑን ማን አሰበው! ስልኩ በጥቅምት በ22 የዑራኤል ዕለት፥ በታኅሣሥ በ23 የጊዮርጊስ ዕለት፥ በጥር በ24 የተክለ ሃይማኖት ዕለት አስታወሰን። አክስታችንም «እናንተ ልጆች፥ ማርያም ምን በደለቻችሁ?» አሉን። ኋላ «በየ30 ቀኑ» ብለን አስተካከልነው። ጳጉሜን ሲመጣ ብቻ አምስት ወይም ስድስት ቀን በእጅ መጨመር ያስፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ያስቃል። ቀጥሎ የምንጽፈው ግን አያስቅም።

ከመካከላችን የአንዱ እናት ደብረ ታቦር ይኖራሉ። ልጃቸው ለመደወል ሰነፍ መሆኑን ስለምናውቅ፥ ዘወትር እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት መልእክት የሚልክ ትእዛዝ በስልኩ ላይ አበጀንለት። ቃሉን አራታችን ተባብረን ጻፍነው፤ «እማዬ፥ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን። ለሁሉም ሰላም በይልኝ» የሚል ነበር። እናቱ እንዳይጠረጥሩም በሦስት ዓይነት ጽፈን በየተራ እንዲሄድ አደረግን። በዚህ ብልሃታችን በዚያን ጊዜ ኰርተን ነበር።

በጥር ወር ጓደኛችን ታይፎይድ ያዘውና ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። ስልኩ እንዳይሰረቅ ብለን ክፍላችን ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክተን ትተነው ነበር። እሑድ ማታ እርሱን ጠይቀን እንደ ተመለስን ስልኩ ድምፅ አሰማ። ቀና ብለን ብናይ፥ በትኵሳት ራሱን ስቶ ትተነው የመጣነው ልጅ ለእናቱ «እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ ልኳል። ጥቂት ቈይቶ መልስ መጣ፤ «ተመስገን። ሰሞኑን በሕልሜ አይቼህ ልቤ ፈርቶ ነበር። አሁን እተኛለሁ» ይላል።

ሦስታችን ተያየን። እውነቱን እንጻፍላቸው ያለ ነበር፤ በሌሊት አናስደንግጣቸው ያለም ነበር። በመጨረሻ ምንም ሳናደርግ ተኛን፤ በማግሥቱም ቀኑ በሥራ ዋለ። በሁለተኛው እሑድ፥ ገና ከሐኪም ቤት ሳይወጣ፥ ስልኩ እንደ ገና «ደኅና ነኝ» አለ። በዚህ ጊዜ ትእዛዙ መኖሩን እናውቅ ነበርና ጥፋቱን በማሽኑ ላይ መጣል አንችልም።

ጓደኛችን ከዳነ በኋላ እናቱ ነገሩን ከአንድ የአገራቸው ልጅ ሰሙ። ደውለው አልተቈጡም። «ልጄ፥ ያን ጊዜ ደኅና ነኝ ያለኝ ማን ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። እርሱም መልስ አልነበረው፥ እኛም ከአልጋችን ላይ ሆነን ስንሰማ መልስ አልነበረን።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። ከእኛ አንዱ «የአማርኛ ሰላምታ ራሱ ከድሮም ማሽን አይደለምን? ሰው ታሞም ቢሆን እንደምን ነህ ሲሉት ደኅና፥ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል» ሲል ተከራከረ። አባባሉ እውነትነት አለው። ሆኖም የታመመ ሰው በአፉ «ደኅና» ሲል እናት የምትሰማው ቃሉን ብቻ አይደለም፤ የድምፁን መድከም፥ ሳሉን፥ ከመመለሱ በፊት ዝም ያለበትን ጊዜ ትሰማለች። «ምነው ድምፅህ?» የምትለውም ለዚህ ነው። እኛ የላክንላቸው መልእክት ይህን ሁሉ አስቀርቶ ቃሉን ብቻ አደረሰ።

ከዚህ በኋላ ትእዛዞቻችንን አንድ በአንድ መረመርናቸው። የቤተ መጻሕፍቱን ድምፅ መዝጋት አስቀረነው፥ ይሥራ፤ ባትሪውም፥ የ30 ቀኑ ማስታወሻም እንዲሁ። በእኛ ስም ለሰው የሚናገረውን ግን ደመሰስነው። ተማሪ ጓደኞቻችንም በስልካቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያበጁ እንደሆነ፥ የሚልከው ቃል እነርሱ ታመው ወይም ሞተው ቢሆንም የሚሄድ መሆኑን አስቀድመው እንዲያስቡበት እንመክራለን።

አሁን እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ይጮኻል እንጂ አይጽፍም። ጓደኛችን ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ይወጣና ይደውላል። አንዳንድ ጊዜ ኔትወርክ እንቢ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ አልቆበት ከእኛ ይበደራል። ባለፈው እሑድ ፈተና ነበረበትና ረሳ፤ ሰኞ ጠዋት እናቱ ራሳቸው ደውለው ተቈጡት። ሲቈጡት ሦስታችንም ሰማን፥ ደስም አለን።